የአያቴን ቬሎ ላዳኑልኝ ልብስ ሰፊ

ሠርጋችን ካለፈ ሁለት ወር ሆነው። ፎቶዎቹን ያየ ሁሉ «ቬሎውን ከየት አገኘሽው?» ይለኛል። የአያቴ ነው እላለሁ። ግን እንዲህ ብዬ ባለፍኩ ቁጥር አንድ ሰው የበደልኩ ይመስለኛል። ያ ልብስ ከሳጥን ሲወጣ ምን ይመስል እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ። እኔ ላይ እስኪደርስ ድረስ ስንት ቀን እንደተደከመበትም አውቃለሁ። ስለዚህ ዛሬ የሰፉልኝን ሴት በአደባባይ ላመሰግን ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። እኔ ሁልጊዜ እንደምጠራቸው «እትዬ» ብዬ ልቀጥል። አድራሻቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እሰጣለሁ።

ቬሎው አጭር ነው። ከጉልበት ወርዶ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይቀራል። ወገቡ ጥብቅ፣ ታችኛው ቀሚስ ሰፋ ያለ፣ ደረቱና እጅጌው ዳንቴል። የፈረንሳዩ የልብስ ዲዛይነር ክርስቲያን ዲዮር በ1947 ያንን ጠባብ ወገብና ሰፊ ቀሚስ ካወጣ በኋላ በ1950ዎቹ በብዙ አገር የተለበሰው ቅርጽ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የፊልም ተዋናይዋ ኦድሪ ሄፕበርን በ1954 ስታገባ ሌላው ዲዛይነር ፒየር ባልማን የሠራላት ቬሎም እንዲሁ አጭር ነበር። አያቴ በዚህ ልብስ የተነሳችው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው ያደግኩት። ልጅ ሆኜ «እኔም ይህን ነው የምለብሰው» እል ነበር። አያቴ ትስቅ ነበር። ልብሱን ግን ጠብቃ አስቀመጠችልኝ።

ሳጥኑ ሲከፈት ደነገጥኩ። ፎቶው ላይ ነጭ የነበረው ልብስ የድሮ ወረቀት መስሏል። ብብቱ ላይ የላብ ምልክት አለ። የግራ ትከሻው ዳንቴል ተተርትሯል። ዚፑ አልንቀሳቀስ ብሏል።

መጀመሪያ የወሰድኩት አንድ የሙሽራ ልብስ መሸጫ ነበር። እዚያ ያገኘኋት ሴት ልብሱን ሳትነካው «ይሄማ አልቆለታል» አለችኝ። ከፈለግሽ በኬሚካል እናነጣዋለን፣ ካልሆነ ግን አዲስ ውሰጂ አለች። ከዚያ አንዱን ካንዱ እያቀያየረች አስለበሰችኝ። ሁሉም ብልጭልጭ፣ ሁሉም ረጅም። መስታወቱ ውስጥ የማላውቃት ሴት ቆማለች። አልቅሼ ነው የወጣሁት።

እትዬ ዘንድ የደረስኩት በጓደኛዬ ጥቆማ ነው። የያዝኩትን ፌስታል እንኳ አልተቀበሉኝም። «ቆይ፣ መጀመሪያ አንቺን ልይ» አሉኝና መስኮት አጠገብ አቆሙኝ። ሠርጉ በቀን ነው በማታ? ደጅ ነው አዳራሽ? ፀጉርሽን ወደ ላይ ነው የምትሠሪው? ብዙ ትቆሚያለሽ ወይስ ትቀመጫለሽ? እነዚህን ሁሉ ጠየቁኝ። ቬሎውን ያወጡት ከዚያ በኋላ ነው። አውጥተውም ወዲያው ገለበጡት። «ልብስ የሚታየው ከውስጡ ነው ልጄ።»

ውስጡን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ስፌቱ ውስጥ የተተወው ትርፍ ጨርቅ ሰፊ ነበር። ያኔ የሚሰፉት ልብሱ ወደፊት ይሰፋል ብለው እያሰቡ ነው አሉኝ። ዚፑ የብረት ነው፤ ጎን ላይ ነው የተገጠመው። ከትርፉ ላይ አንዲት ክር መዘዙና በክብሪት ለኮሷት። የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ። የቀረውን አመድ በጣታቸው ሲነኩት ተፈረፈረ። «ሐር ነው» አሉ። ፖሊስተር ቢሆን ቀልጦ እንደ ጠጠር ይደርቅ ነበር።

ከዚያ ስለ ማንጣቱ ነገርኳቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ሐር እንደ ፀጉር ፕሮቲን ነው። በረኪና ሲነካው አይነጣም፤ እንዲያውም ይብስ ቢጫ ይሆናል፣ ክሩም ይበላል። ያን ቀን እሺ ብዬ ቢሆን ኖሮ የአያቴ ቬሎ ዛሬ አይኖርም ነበር። ይህን እያሰብኩ እስካሁን እጄ ይቀዘቅዛል። የድሮ ልብስ ቤታችሁ ያላችሁ፣ እባካችሁ ምንነቱን ሳታውቁ ለማንም አታስነጡ።

አሁን ስለ ቀለም ላውራ። እኔ ከእሳቸው የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው።

በሁለተኛው ቀን አዲስ አይነርግብ ገዝቼ ሄድኩ። በረዶ የመሰለ ነጭ። እትዬ ምንም አላሉም። ቬሎውን አስለበሱኝ፣ አይነርግቡን ጭንቅላቴ ላይ አደረጉ፣ ወደ መስታወቱ አዞሩኝ። ቬሎው ቆሻሻ መሰለ። ያልታጠበ ልብስ። ልቤ ወደቀ። ከዚያ ያንን አነሱና ከራሳቸው መሳቢያ ክሬም ቀለም ያለው ቱል (ስስ የመረብ ጨርቅ) አውጥተው አደረጉልኝ። ልብሱ ያው ነው፣ መስኮቱም ያው ነው። ግን ቬሎው ሻማ የበራበት መሰለ። ፊቴም አብሮ ሞቀ። «ልብሱ ምንም አልሆነም፤ ጎረቤቱ ነው የበደለው» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቬሎውን ነጭ ለማድረግ መሞከር ቀረ። ሌላው ሁሉ ወደ ቬሎው እንዲመጣ ተወሰነ። ይህ ሲባል ቀላል ይመስላል። ለእኔ ግን ሁሉን ነገር ነው የቀየረው። የሙሽራው ሸሚዝ እንኳ ደማቅ ነጭ እንዳይሆን ተከለከለ፤ ክሬም ሆነ። ሱፉ ጥቁር ነበር የታሰበው። እትዬ የጥቁርና የጥቁር አረንጓዴ ቁራጭ ጨርቅ ትከሻዬ ላይ አስቀምጠው አሳዩን። ጥቁሩ አጠገብ ቬሎው ደበዘዘ። አረንጓዴው አጠገብ ተነሳ። እጮኛዬ አረንጓዴ ሱፍ ለብሼ አላውቅም እያለ ነበር። አሁን ከቁም ሳጥኑ የሚወደው ልብስ እሱ ነው።

የሚዜዎቹ ቀለም ብዙ አጨቃጨቀን። እኔ ደማቅ ሮዝ ነበር የምፈልገው። እትዬ ቀለሙን ሳይከለክሉኝ አቧራ እንደነካው አድርገው አሳዩኝ። ድሮነት ያለው ቀለም ማለት ትንሽ ፀሐይ የመታው ቀለም ነው አሉ። ፈዛዛ ሮዝ፣ የወይራ ቅጠል አረንጓዴ፣ ወደ ቡኒ ያዘነበለ ቀይ። አራቱም ሚዜዎች አንድ ዓይነት እንዲለብሱም አልፈለጉም። የአንዷ ቆዳ ጠይም፣ የአንዷ ቀይ ዳማ ነው። ሮዙን እያጠቆሩና እያሳሱ ለየፊታቸው አስማሙት። ደግሞ አንዱንም ጨርቅ በአንድ ብርሃን ብቻ አይተው አይወስኑም። መስኮት ዘንድ ያዩታል፣ ከዚያ መጋረጃውን ዘግተው አምፖል ያበራሉ። ቀን ላይ ሮዝ ያልነው አንድ ሳቲን ማታ ብርቱካናማ ሆኖ ተገኘ። እሱ ወዲያው ቀረ። ጨርቅ ስትመርጡ ይህን አድርጉ፤ ሠርጋችሁ በሚሆንበት ሰዓት ብርሃን እዩት።

አንዲት የቤተሰብ ዘመድ «ሙሽራ ነጭ ካልለበሰች ምኑን ሙሽራ ሆነች?» ብላኝ ነበር። እትዬን አማከርኳቸው። የነጩ ነገር ሰው እንደሚያስበው ድሮ ድሮ የመጣ አይደለም አሉኝ። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 ነጭ ሳቲን ለብሳ ካገባች በኋላ ነው ይበልጥ የተስፋፋው። ከዚያ በፊት በአውሮፓም ብዙዋ ሙሽራ ያላትን ጥሩ ቀሚስ ነበር የምትለብሰው፤ ሰማያዊም፣ ቡኒም፣ ቀይም ይሁን። የፊልም ተዋናይዋ ኤልሳቤጥ ቴይለር በ1964 ተዋናዩን ሪቻርድ በርተንን ስታገባ ቢጫ ለብሳ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጨርቅ ሲጠፋ ከፓራሹት ጨርቅ ቬሎ የሰፉም ነበሩ። ይህን ሁሉ ለዘመዴ አልደገምኩላትም። ለእኔ ግን ልቤን አሳረፈልኝ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ልክ አስገቡኝ። እኔ የድሮ ነገር በጣም ነው የምወደው። በግንባር ላይ የሚታሰር የ1920ዎቹ ጌጥ አግኝቼ ነበር። ረጅም ጓንትም ይዣለሁ። ከ1970ዎቹ የመጣ ሰፊ እጅጌ ያለው መደረቢያም፣ የአያቴ ብሮሽም (ልብስ ላይ በመርፌ የሚሰካ ጌጥ) አለ። ሁሉንም በአንድ ላይ አድርጌ ቆምኩ። እትዬ ለረጅም ጊዜ አዩኝና «ልጄ፣ ትያትር አለብሽ?» አሉ። በፍቅር ነው ያሉት፤ ግን እውነት ነበር። አንድ ዘመን ይምራ፣ ሌላው ይከተል አሉኝ። ቬሎው የ50ዎቹ ነው፤ ስለዚህ መሪው እሱ ነው። ከቀረው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ምረጪ ተባልኩ። የአያቴን ብሮሽ መረጥኩ። ጓንቱ ሲቀር ከፍቶኝ ነበር። ፎቶውን ሳይ ግን እጄ ላይ የሚታየው ቀለበቱ ብቻ በመሆኑ ደስ ይለኛል።

ብሮሹም የራሱ ጣጣ ነበረው። ከባድ ነው። መርፌው አሮጌ ሐር ላይ ቢሰካ ይቀደዋል። እትዬ ደረቴ ላይ እንዲሆን አልፈቀዱም። ከአዲስ ጨርቅ ቀጭን ቀበቶ ሰፉና፣ ከጀርባው ጠንከር ያለ ጨርቅ ደርበው እዚያ ላይ ሰኩት። ክብደቱን የተሸከመው ቀበቶው ነው፤ ቬሎው አልተነካም።

የአያቴ ሉልም ነበር። እውነተኛ መሆኑን ለማየት ጥርሳቸው ላይ በቀስታ አሸት አደረጉት። እውነተኛ ሉል ትንሽ ይሻክራል፤ ፕላስቲክ ያሟልጫል። ክሩ ግን በስብሶ ነበር። ለሚሠራው ሰው ልከው በየሉሉ መካከል ቋጠሮ እንዲደረግ አዘዙልኝ፤ ክሩ ቢበጠስ እንኳ ሁሉም እንዳይበተን። የሠርጉ ቀንም ሽቶ ቀድሞ፣ ሉል በመጨረሻ እንዲሆን አስጠነቀቁኝ። ሽቶና ላብ የሉልን ብርሃን ይበላል። የጆሮ ጌጡ የሚያብለጨልጭ ብር ነበር። እሱን በደብዛዛ ወርቅ ቀየርነው፤ ከክሬም ጋር የሚስማማው እሱ ነው።

ጫማውን ደግሞ ገና በመጀመሪያው ልኬት ነው አምጪ ያሉኝ። አጭር ቬሎ እግርን ያሳያል። ታኮው በሁለት ሴንቲ ሜትር ቢለያይ የቀሚሱ ጠርዝ የሚያርፍበት ቦታ ይለያያል። እኔ ጫማ በመጨረሻ ይገዛል ብዬ ነበር የማስበው።

ስፌቱን በዝርዝር ልነግራችሁ አልችልም፤ ባለሙያ አይደለሁም። ያየሁትን ልንገራችሁ። ወገቡ ለእኔ አራት ሴንቲ ሜትር ጠቦኝ ነበር። ከግራና ከቀኝ ያንን የተተወ ትርፍ ፈትተው አሰፉት። የተተረተረውን ዳንቴል ቆርጠው አልጣሉም። ከኋላው ቀለሙ የተመሳሰለ ስስ መረብ አድርገው፣ እያንዳንዷን የተበጠሰች ክር በእጅ በመርፌ ያዟት። ለዚህ ብቻ ስድስት ቀን ፈጀባቸው። የቱ ጋ እንደተጠገነ እኔ ራሴ ፈልጌ አላገኘሁትም። የብብቱ ምልክት ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። አይለቅም ብለው አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። ገበሩን ግን አዲስ አደረጉልኝ፤ የእኔ ላብ ወደ ሐሩ እንዳይደርስ።

እትዬ ለሁሉም ሰው ይሆናሉ አልልም። የሚቸኩል ሰው አይሂድ። ለእኔ አምስት ጊዜ ልኬት አድርገዋል፤ በየመካከሉ ደግሞ ሁለትና ሦስት ሳምንት አለ። ሠርጋችሁ ቢያንስ አራት ወር ካልቀረው እሳቸውም አይቀበሉም። ብልጭልጭ ድንጋይ ልጨምርበት ካላችሁም ለሌላ ሰው ይመሯችኋል። የማይድን ልብስ ከሆነም በግልጽ ይናገራሉ። አብራኝ የሄደች ልጅ የያዘችው ሐር በእጅ ሲነካ ይሰነጣጠቅ ነበር። ድሮ ሐር እንዲከብድ ብለው ብረት ነክ ጨው ይነክሩበት ነበር፤ እንዲያ ያለው ከጊዜ በኋላ ራሱን ይበላል። ሥራውን ተቀብለው ገንዘቧን መውሰድ ይችሉ ነበር። አልወሰዱም። ደህና የቆየውን ዳንቴል ብቻ ነቅለው አዲስ ቀሚስ ላይ እንዲያደርጉላት ሐሳብ ሰጧት። እሷም ተስማማች።

ከሄዳችሁ ልብሱን ሳታጥቡና ሳትተኩሱ ውሰዱ። ጫማችሁን፣ ከውስጥ የምትለብሱትን፣ ጌጣችሁን ያዙ። የድሮ ልብስ ልትገዙ ካሰባችሁም ክሳዱ ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑ። የድሮ ቁጥር ከዛሬው በጣም ይጠብባል። ሜትር ይዛችሁ ደረቱን፣ ወገቡንና ዳሌውን ለኩ። ሊሰፋ ይችል እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ገልብጣችሁ ትርፉን እዩ።

ሠርጉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ቬሎውን መልሼ ወሰድኩላቸው። ራሳቸው አምጪው ብለውኝ ነበር። አጸዱት፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቀለሉት፣ እጥፋቱ እንዳይሰበር በየመታጠፊያው ወረቀት ጠቅልለው አደረጉበት። ፕላስቲክ ውስጥ እንዳታስቀምጪው፣ እንዳትሰቅይውም፣ በዓመት አንድ ጊዜ አውጥተሽ እጥፋቱን ቀይሪለት አሉኝ። ሳጥኑን ከመዝጋታቸው በፊት አንድ ነገር አሳዩኝ። ሲያሰፉት ያገኙትን ትርፍ ጨርቅ ቆርጠው አልጣሉትም። ከውስጥ አጥፈው በስሱ ሰፍተውታል።

«ነገ የምትለብሰው ልጅ ከአንቺ ወፍራም ብትሆንስ?» አሉኝ።

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እጅዎን ይባርክልኝ።