ጎርፍ ለገባባት አሮጌ አይሱዙ፦ የራስን ሞተር ማስከፈት ወይስ የዱባይ ሞተር መግዛት?

ክረምት በገባ ቁጥር ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። «መኪናዬን ውሃ ዋጣት፣ ሞተሩን ላስከፍት ወይስ ልቀይር?» ዘንድሮ ብቻ አራት ሰው ጠይቆኛል። ያንኑ ወሬ ደጋግሜ ማውራት ስለሰለቸኝ ልጻፈውና ልገላገል።

ወገንተኝነቴን አልደብቅም። መኪናዋ አሮጌ የአይሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪና ከሆነች፣ ውሃው ከገባ በኋላም ቁልፍ ካልዞረባት፣ የራሷን ሞተር አስከፍቱ። የዱባይ ሞተር፣ ማለትም ከዱባይ የሚመጣ ያገለገለ ሞተር፣ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ይህን የምለው ሁለቱንም በአንድ ጎርፍ፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ስላየሁት ነው።

በ2012 ነሐሴ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ፎገራ ሜዳ ላይ ተኙ። የእኔና የአማቼ መኪኖች ከመፈልፈያ ሩዝ ሊጭኑ ወረታ አጠገብ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ሁለቱም ኤንፒአር፣ ሁለቱም ከ20 ዓመት በላይ ያገለገሉ። ውሃው የጋቢናው መቀመጫ ድረስ ደረሰ።

ውሃው ሲሸሽ የአማቼ ሹፌር «እስቲ ልሞክራት» ብሎ ቁልፍ አዞረ። አንዴ «ቋ!» አለችና ቀጥ። ናፍጣ ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚተርፈው ቦታ በጣም ጠባብ ነው። አየር ይታመቃል፣ ውሃ ግን አይታመቅም። ስለዚህ የሚታጠፈው ፒስተኑን ከክራንኩ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ጋር የሚያገናኘው ቢዬላ ነው። የእሱ ሁለት ቢዬላ አጠፈች፣ ብሎኩም ተሰነጠቀ።

የእኔ የተረፈችው በእኔ ብልጠት እንዳይመስላችሁ። ሹፌሬ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይዞ ደብረ ታቦር ልቅሶ ሄዶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አስጎትቼ ባሕር ዳር አስገባኋት። መካኒኩ መጀመሪያ የባትሪ ገመዱን ነቀለ። ከዚያ ናፍጣ የሚረጩትን አራቱንም ኖዝሎች ፈታና የክራንኩን ፑሌ በረጅም ቁልፍ በእጁ ቀስ እያለ አዞረው። በኖዝሎቹ ቀዳዳ ቡናማ ውሃ ፊቱ ላይ ተረጨበት። ሳቀ። ሞተሩ በነፃነት መዞሩን ሲያረጋግጥ ነው የሳቀው። ከዚያ ከታች የዘይቱን ብሎን ሲፈታ መጀመሪያ ውሃ ወረደ፣ ቀጥሎ ማኪያቶ። ውሃ የተቀላቀለበት ዘይት ቀለሙም ውፍረቱም ማኪያቶ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ለዚያ ሌሊት ሲሊንደሮቹ ውስጥ ናፍጣና ዘይት ቀላቅሎ ጨመረና ተወው። ምክንያቱም ውሃ ውስጥ እያለ ብዙ ያልጎዳው ብረት አየር ሲያገኝ ነው ዝገቱ የሚፈጥንበት። አንድ ሳምንት ቆማ ብትደርሰው ኖሮ ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፈው።

አሁን ወደ ብሩ። ደረሰኞቹን እስካሁን አስቀምጫለሁ፣ ሚስቴ ትስቅብኛለች። ማስጎተቻ 6,000። መክፈቻና መግጠሚያ የእጅ ዋጋ 9,000። ዘይት ሁለት ዙር፣ 24 ሊትር በ160 ብር፣ 3,840። ኦርጅናል ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ክፍሎች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) 7,500። ፋሻና ብሮንዚና (የፒስተን ቀለበትና የክራንክ ማረፊያ) 11,000። የናፍጣ ፖምፓና ኖዝል ማስተካከያ 14,000። ሞተሪኖና ዲናሞ (ማስነሻውንና ባትሪ የሚሞላውን) አስፈትቶ ማሳጠብና ሽቦውን ማስጠቅለል 4,500። ድምሩ 55,840 ብር።

ከእነዚህ ውስጥ «ይቅርብኝ» ልትሉ የምትችሉት የፖምፓውን ነው። እንዳትሉ። በፖምፓው ውስጥ ያሉት ብረቶች የተጋጠሙት ፀጉር በማያስገባ ክፍተት ነው፣ ጥቂት ዝገት ይበቃቸዋል። የናፍጣ ጋኑንም ከሥር አስፈትቱት፣ ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ተኝቶ ይጠብቃችኋል።

አማቼ ደግሞ አዲስ አበባ፣ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄደ። 185,000 ብር ከፍሎ አንድ ሞተር ገዛ። ሲያዩት ያምራል፣ በግፊት ውሃ ታጥቦ ብርማ ቀለም ተረጭቶበታል። ያ ቀለም ነው ሰው የሚሸውደው። ከሥሩ ዘይት የሚያንጠባጥበውን ሁሉ ይሸፍነዋል። ሞተሩ ሻጩ ፊት አልተነሳም፣ ምክንያቱም ያለ ሞተሪኖና ያለ ዲናሞ ነበር የሚሸጠው። እነሱን ለብቻ 22,000 ጨመረ። ማጓጓዣ 4,500፣ መግጠሚያ 7,000። በአራተኛው ወር ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውሃ ማሳለፍ ጀመረ። ሲከፈት ጓርኒሲዮኑ ኮፒ ሆኖ ተገኘ፣ ከእኛ በፊት አንድ ሰው ከፍቶት ነበር ማለት ነው። ለዚያ ሌላ 16,000።

ማንም የማይነግራችሁ ወጪ ደግሞ የሊብሬው ነው። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ሞተር ከቀየራችሁ ቁጥሩ ይቀየራል፤ ለዚህ ደግሞ ሞተሩ ቀረጥ ከፍሎ መግባቱን የሚያሳይ ዲክላራሲዮን ትጠየቃላችሁ። አለዚያ በዓመታዊ ምርመራ ቦሎ አታገኙም። አማቼ ወረቀቱን ከሻጩ ያገኘው በስንት ልመና ነው። ለምልልሱ፣ ለሆቴሉና ለጉዳይ ማስፈጸሚያው 8,000 ወጣ። አሮጌውን ሞተር በብረት ዋጋ 20,000 ሸጠ። ሲደመርና ሲቀነስ 222,500 ብር። የእኔን አራት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።

አማቼ «የአንተ እኮ አልተሰበረችም» ይለኛል። ልክ ነው። ግን ብሎክ እስካልተሰነጠቀ ድረስ ሁለት ቢዬላ ቀይሮ ክራንኩን ማስለካት እንኳ ከዱባዩ ሞተር በብዙ ይረክሳል።

እነዚህ ቁጥሮች የ2012 መጨረሻና የ2013 ናቸው። ዛሬ በነሱ ሒሳብ ገበያ ብትወጡ ይስቁባችኋል። ብር ከተንሳፈፈበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ሌላ ዓለም ሆኗል። ዋጋውን ሳይሆን፣ አራት እጥፍ የሚጠጋውን ልዩነት ብቻ ያዙልኝ።

የእኔም ስህተት አለ፣ እሱን ካልነገርኳችሁ ሚዛናዊ አልሆንም። ሞተሩን በጥንቃቄ ሠርቼ ጎማው በሚሽከረከርበት የፊት ጎማ ኩሽኔታ ላይ ቆጠብኩ። ኦርጅናሉ አንዱ 2,800፣ ኮፒው 900። አራት ስለሚያስፈልግ 7,600 ብር አተረፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። በአምስተኛው ሳምንት አዲስ ዘመን ከተማን አለፍ እንዳልን ረዳቱ «ጎማው ይሸታል» አለ። ወርደን ስንነካው እጅ ያቃጥላል። ኩሽኔታው ተፈጭቶ የተቀመጠበትን ብረት በሁለቱም በኩል በልቶታል። ለነዚያ ብቻ 17,000፣ መኪናዋ ደግሞ ሁለት ቀን ቆመች።

ኮፒውን በካርቶኑ አትለዩትም። ካርቶኑ ከኦርጅናሉ አንድ ነው፣ እንዲያውም የኮፒው ይበልጥ ያብረቀርቃል። አሮጌውን ኩሽኔታ ይዛችሁ ሂዱና ሁለቱን በሁለት እጃችሁ መዝኑ። ብረቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በቤንዚን በራሰ ጨርቅ እሹት። የእኔ ሲታሽ ጠፋ፣ ያሸሁት ግን ከተቃጠለ በኋላ ነው። ሻጩ «አትሸው» ካላችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ዲናሞ ላይም ያው ነው። አዲስ ኮፒ ከመግዛት የራሳችሁን ኦርጅናል አስጠቅልሉ። የእኔ የተጠቀለለው እስከ ዛሬ ይሠራል።

ካምቢዮና ዲፈረንሲያል (የማርሹና የኋላ ጎማዎቹ ጥርሶች ያሉባቸው ሳጥኖች) ብዙ ሰው ይረሳቸዋል። ከላያቸው ትንሽ መተንፈሻ አላቸው፣ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። ዘይቱን አሁን ቀይሩ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላም ድገሙት። መጀመሪያ ያላዩትን ማኪያቶ በሁለተኛው ዙር ያዩ ሰዎች አውቃለሁ። የመቀመጫው ሽታ ደግሞ ይለቃል፣ በፀሐይ ብቻ።

ይህ ሁሉ ምክር ፖምፓዋ ያለ ኮምፒውተር ለሚሠራ አሮጌ መኪና ነው። አዲሶቹ ባለ ኮምፒውተር አይሱዙዎች ላይ የኤሌክትሪኩ ወጪ ብቻ ሒሳቡን ሊገለብጠው ይችላል፣ እነሱ ላይ አልፈርድም። «እንዳለች ልሽጣት» ለሚሉኝም መልሴ አጭር ነው፦ ውሃ የገባባት መኪና መሆኗ ከታወቀ ደላላው የሚጠራላችሁ ዋጋ ያስለቅሳል።

የእናንተ ብሎክ ከተሰነጠቀና የግድ ሞተር መግዛት ካለባችሁ፣ ቀለም ያልተረጨውን ቆሻሻ ሞተር ምረጡ። የዘይቱን ክዳን ከፍታችሁ ከውስጥ በጣት ጥረጉ፣ ነጭ ቅባት ካለ እሱም ውሃ ጠጥቷል። ባትሪና ሞተሪኖ ተውሳችሁም ቢሆን መሬት ላይ አስነሱት። ዲክላራሲዮኑ ላይ ያለው ቁጥርና ብሎኩ ላይ የተቀረጸው አንድ መሆኑን በዓይናችሁ ሳታዩ ደግሞ ቀብድ አትስጡ። አማቼ 50,000 ቀብድ ሰጥቶ ነው ወረቀቱን መለመን የጀመረው።