የ1989 ሙስታንጌ አዲስ የኋላ ዲፈረንሻል፦ ከ14 ወር በኋላ

መኪናዬ የ1989 ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ ናት፤ ባለ 5 ሊትር ቪ-8 ሞተር፣ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ። እዚህ ቨርጂኒያ ከገዛኋት 9 ዓመት ሆነ። ከፋብሪካ ስትወጣ 225 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ሱፐርቻርጀር (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ካስገጠምኩላት ወዲህ ጎማው ላይ ሲለካ 390 ትሰጣለች። ፍሪሲዮኑን፣ ራዲያተሩንና የነዳጅ ፓምፑን በየተራ ለዚህ ጉልበት እንዲመጥኑ ስለውጥ የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን የኋላ ዲፈረንሻሏን ግን እንደነበረ ተውኩት። አይጮህም፣ አያንቀጠቅጥም፤ ደህና ነው ብዬ አመንኩ።

የዛሬ 15 ወር ገደማ የግራ ጎማው የዘይት ጎሚኒ ማላብ ጀመረና ልቀይረው ሴሚያሱን፣ ማለትም ጉልበቱን ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚያደርሰውን ዘንግ፣ አወጣሁ። ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚያያዝበት ጫፍ ላይ ያሉት ጥርሶች እንደ ገመድ ተጠማዘዋል። ቀጥ ብሎ መሄድ የነበረበት መስመር ሁሉ ወደ አንድ ጎን ዞሯል። ብረት እንዲህ ሲሆን ቀጥሎ የሚመጣው ስብራት ነው። በዚያው ሳምንት ልጄን ከጎኔ አስቀምጬ በ95 አውራ ጎዳና ነድቻት ነበር። ጥፋቱ የብረቱ አይደለም፤ ለ225 ፈረስ በተሠራ ዘንግ ላይ 390 የጫንኩት እኔ ነኝ።

ለምን ያን ያህል እንደደነገጥኩ ላስረዳ። ያደግኩት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አጠገብ ነው። አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የከባድ መኪና ዲፈረንሻል ነበር የሚሠሩት። የጭነት መኪና ሴሚያስ መንገድ ላይ ሲሰበር ሾፌሩ ይቆማል እንጂ ጎማው ከቦታው አይነቃነቅም። ጎማው የተቀመጠው በራሱ ኩሽኔታዎች ላይ ነው፤ ሴሚያሱ ማዞር ብቻ ነው ሥራው። ቡሎኖቹን ፈትተህ፣ ስባሪውን ስበህ አውጥተህ ሌላ ትከታለህ። የኔ መኪና ሴሚያስ ግን ያዞራልም፣ ክብደቷንም ይሸከማል፣ ጎማውንም ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። ወደ ውጭ ተንሸራቶ እንዳይወጣ የሚያግደው ውስጠኛው ጫፉ ላይ የምትገባ ሲ-ክሊፕ የምትባል ትንሽ የብረት ቀለበት ብቻ ናት። ዘንጉ ከእሷ ወዲህ ከተሰበረ ጎማው ከነዘንጉ ከመኪናው ሥር ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ነው በአሜሪካ የድራግ ውድድርን (አጭር ቀጥታ መስመር ላይ የሚደረገውን የፍጥነት ውድድር) የሚመራው ኤንኤችአርኤ ሩብ ማይሉን በ10.99 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ የሚሄድ መኪና ሁሉ ሴሚያሱን ጠንካራ በሆነ እንዲቀይርና ሌላ መያዣ እንዲገጥም የሚያስገድደው። የኔ ያን ያህል አትፈጥንም። ግን ልጅ ይዤባት የምሄድ መኪና ነች።

ብዙ ሰው «9 ኢንቹን የፎርድ ዲፈረንሻል ግጠምና ተገላገል» አለኝ። 9 ኢንቹ ጠንካራ ነው፣ አልከራከርም። ግን ይከብዳል፤ ፒኞኑም (ከሞተር በኩል የሚመጣው ትንሹ ጥርስ) ከኮሮናው (ፒኞኑ ከሚያዞረው ትልቅ ባለ ጥርስ ቀለበት) መሐል በጣም ዝቅ ብሎ ስለሚገባ ጥርስ ለጥርስ መፋተጉ ይበዛል፣ ጉልበትም ይበላል። ደግሞ የዚህ የ5 ሊትር ሞተር ብሎክ ራሱ ከ500 የፈረስ ጉልበት በላይ ሲጫንበት ለሁለት የመሰንጠቅ ታሪክ አለው። ሞተሩ የማይደርስበትን ጉልበት የሚችል ዲፈረንሻል ምን ያደርግልኛል? ከፋብሪካ የመጣውን 8.8 ኢንች ቤት (ቁጥሩ የኮሮናው ስፋት ነው) ማጠናከር በቂ ነው ብዬ ወሰንኩ፤ እስካሁንም በዚያ ውሳኔ ቅር አላለኝም።

የድሮው ሴሚያስ ባለ 28 ጥርስ ነበር፤ አዲሱ ባለ 31 ነው። ሦስት ጥርስ ትንሽ ይመስላል። ግን የጥርሱ መጠን ስለማይለወጥ ጥርስ በጨመረ ቁጥር ዘንጉ ይወፍራል፤ ዘንግ መጠምዘዝን የሚቋቋምበት አቅም ደግሞ ውፍረቱ በራሱ ተባዝቶ እንደገና በውፍረቱ ሲባዛ በሚመጣው ልክ ነው የሚያድገው። 31ን ለ28 አካፍለህ ውጤቱን በራሱ፣ ከዚያም እንደገና በዚያው ውጤት ብታባዛው 1.36 ገደማ ይመጣል። ብረቱ ያው ቢሆን እንኳ ከሦስት እጅ አንድ እጅ በላይ ጥንካሬ ተገኘ ማለት ነው። የገዛሁት ደግሞ ብረቱም የተሻለ ነው።

ሲ-ክሊፑን ለማስወገድ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቱቦው ጫፍ ላይ በቡሎን የሚታሰር ማስወገጃ ኪት ነው። ርካሽ ነው፣ ግን አንድ ወዳጄ ገጥሞት ኩርባ በበዛበት መንገድ በነዳ ቁጥር ዘይት ሲያላብበት አይቻለሁ። ቀጥታ መስመር ብቻ ለሚሮጥ መኪና ይሁን፤ በየቀኑ መንገድ ለሚወጣ መኪና አልመክረውም። ሁለተኛው የቱቦውን ጫፍ ቆርጦ የ9 ኢንቹን ዓይነት ጫፍ መበየድ ነው። ያን ጊዜ ኩሽኔታው ዘንጉ ላይ በፕሬስ ይገባል፣ በላዩ ላይ ባለ አራት ቡሎን ሳህን ይታሰራል፤ ዘንጉን የሚይዘው የጎማው በኩል ይሆናል። ይህን መረጥኩ። ብየዳው ሲሠራ ቆሜ አየሁ፦ በቤቱ መሐል ለመሐል ቀጥ ያለ ወፍራም ብረት አሳልፈው፣ ጥቂት በየደው፣ አቀዝቅዘው፣ እንደገና ለክተው ነው የሠሩት። ቱቦዎቹ መሐል ካለው፣ ብረት ቀልጦ በቅርጽ ፈስሶ ከተሠራው ቤት ጋር የሚገናኙበትም በዚያው ተበየደ፤ ጉልበት ሲበዛ ቱቦው ውስጡ የመዞር ጠባይ ስላለው። ከመግጠሜ በፊት በሁለቱም ዘንጎች ጥርስ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነጭ የቀለም መስመር አሰመርኩ። መጠማዘዝ ከጀመረ ቀለሙ ይነግረኛል።

ሴሚያስ ስታዝዝ ርዝመቱን ደጋግመህ ለካ። ከ1994 እስከ 1998 የወጣው ሙስታንግ የኋላ ስፋት በየጎኑ ሦስት አራተኛ ኢንች ገደማ ይበልጣል። የእሱን ልክ ለዚህ መኪና ካመጣህ ጎማው ፓራፋንጎ ሊነካብህ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የተደሰትኩበት ግን መሐሉ ላይ የገባው፣ ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማ የሚያከፋፍለው፣ ኢተን የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ትሩትራክ ነው። ከፋብሪካ የመጣችበት ሊሚትድ ስሊፕ (አንድ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚያግደው) በውስጡ እንደ ፍሪሲዮን የሚፋተጉ ሳህኖች አሉት፤ ሳህኖቹ ሲያልቁ አንድ ጎማ ብቻውን ይሽከረከራል። የኔ እዚያ ደርሶ ነበር። ትሩትራክ ሳህን የለውም፤ በጠመዝማዛ ጥርስ ነው የሚሠራው። አንዱ ጎማ ማምለጥ ሲጀምር ጥርሶቹ ራሳቸው ተገፍተው ከቤቱ ግድግዳ ጋር ይጣበቁና ጉልበቱ ወደሚይዘው ጎማ ይሄዳል። ይህን የምታውቀው በዝናብ ነው። ከቤቴ ወደ አውራ ጎዳና የሚወጣው መታጠፊያ ሲረጥብ ድሮ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ስሰጣት ቀኝ ጎማዋ ብቻዋን ትጮህ ነበር፤ አሁን ጀርባዋን ዝቅ አድርጋ ትሄዳለች። ምንም የሚያንኳኳ፣ ምንም የሚደናቀፍ ነገር የለም፤ ፓርኪንግ ውስጥ ስትዞርም ጸጥ ያለች ናት።

ድክመቱንም ልንገርህ። ትሩትራክ ለሚይዘው ጎማ የሚሰጠው በሚያመልጠው ጎማ ላይ የቀረውን ጉልበት አባዝቶ ነው፤ አንዱ ጎማ ከመሬት ጨርሶ ከተነሳ ግን የሚያባዛው ነገር ስለሌለው ሌላኛው እንብዛም ጉልበት አያገኝም። በሸናንዶዋ ተራሮች ከስካይላይን ድራይቭ ወርጄ አንድ ገደላማ የድንጋይ መግቢያ ላይ ይህ ደርሶብኛል፤ የሚያባዛው ነገር እንዲያገኝ የእጅ ፍሬኑን ጥቂት ሳብ ሳደርገው ወጣች። ሌላው፣ አሁን ሁለቱም ጎማ እኩል ስለሚገፋ፣ በእርጥብ ኩርባ ላይ ነዳጅ ካበዛህ ሁለቱም አንድ ላይ ሊለቁ ይችላሉ፣ ያን ጊዜ ጭራዋ ትወጣለች። ድሮ አንዱ ጎማ ሲሽከረከር ሌላው ቀጥ አድርጎ ይይዛት ነበር። እግርህን እንደገና ማስተማር አለብህ። ዘይቱም ተራው ማዕድናዊ 80-90፣ ጂኤል-5 የተባለው ደረጃ ነው፤ ሰው ሠራሹ ውድ ዘይትም ሆነ ለሳህን የሚጨመረው ማለስለሻ አያስፈልግም፤ አምራቹም የሚለው ይህንኑ ነው።

ኮሮናና ፒኞኑን ከ2.73 ወደ 3.55 ለወጥኩ፤ ኮሮናው 39፣ ፒኞኑ 11 ጥርስ አለው ማለት ነው፤ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ፒኞኑ 3.55 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ብዙ የዚህ መኪና ባለቤት 3.73 ይወዳል። ለእኔ ሱፐርቻርጀሩ በቂ ስለሚገፋ የመጀመሪያ ማርሽ ይበልጥ ቢያጥር ጎማ ከማቃጠል ሌላ ጥቅም አልታየኝም። በሰዓት 65 ማይል፣ አምስተኛ ማርሽ ላይ፣ ሞተሩ በደቂቃ 1,580 ጊዜ ይዞር የነበረው አሁን 2,060 ገደማ ይዞራል። ድምፁ ይሰማል፤ አያደክምም። በአውራ ጎዳና በጋሎን 23 ማይል ትሄድ የነበረችው 21 ሆናለች። የፍጥነት መለኪያው ካምቢዮ ውስጥ ያለችው የፕላስቲክ ጥርስ ካልተለወጠች ይዋሻል፤ 60 ስትሄድ 78 ያነብብሃል። የዚያች ጥርስ ዋጋ ከምንም አይቆጠርም፣ አትርሳት።

አሁን ወደ ያስለቀሰኝ ልምጣ። መጀመሪያ የሠራልኝ ጋራዥ ሥራውን ቸኩሎ አስረከበኝ። ነዳጅ ስለቅ፣ ከ45 እስከ 55 ማይል መካከል፣ እንደ ሩቅ ሳይረን የሚመስል ጩኸት ነበራት። «ሲላመድ ይጠፋል» አሉኝ። አጎቴ ግን የኮሮና ጩኸት ሲላመድ እንደማይጠፋ፣ ሲበላ ብቻ እንደሚለወጥ ደጋግመው ነግረውኝ ነበር። ሌላ ባለሙያ ዘንድ ወስጄ ክዳኑ ተከፈተ፤ ጥርሱ ላይ ቢጫውን ቀለም ቀብተው ሲያዞሩት ፒኞኑ የሚነካው የኮሮናውን ጥርስ ጫፍ ጫፉን ሆኖ ተገኘ። ፒኞኑ በበቂ አልገባም ማለት ነው። ሥሩ ያለው ስፔሰር 4 ሺኛ ኢንች በሚወፍር ተተካ፤ ኩሽኔታው እንደገና በፕሬስ ወጥቶ ገባ፣ ሲጠብቅ የሚጨመደደው ቀለበትም አዲስ ሆነ። ያቺ ቀለበት አንዴ ከልክ በላይ ከተጨመደደች ዳዶውን መልሶ ማላላት አይረዳም፤ መጣል ነው ያለባት። በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ክፍተት 9 ሺኛ ኢንች ላይ ቆመ። ጩኸቱ ጠፋ። ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ ከፍያለሁ፤ ዕቃው ላይ ከመከራከር ይልቅ መጀመሪያውኑ የሚለካውን ሰው መርጬ ቢሆን ኖሮ ሦስት ሳምንትና 600 ዶላር ይተርፈኝ ነበር። ቀለሙ ያረፈበትን ጥርስ ፎቶ አንስቶ የማያሳይህ ባለሙያ ጋር መኪናህን አትተው።

ከዚያ ደግሞ 70 ማይል አካባቢ ወለሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዲፈረንሻሉን ጠረጠርኩ፣ ግን ካርዳኑ (ከካምቢዮ እስከ ዲፈረንሻል የሚደርሰው ረጅም ዘንግ) ነበር። በ2.73 ጊዜ 75 ማይል ላይ በደቂቃ 2,700 ጊዜ ገደማ ይዞር የነበረው ካርዳን በ3.55 ወደ 3,500 ይወጣል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ክብደቱ ያልተመጣጠነ ካርዳን በዝግታ ሲዞር የደበቀውን በፍጥነት ሲዞር አወጣው። በአሉሚኒየም ካርዳን ተካሁት፤ አለቀ።

ፍሬኑ ረጅም ወሬ የለውም። የኋላው ዲስክ ሆነ፤ አዲሶቹ ሴሚያሶች ጎማ የሚይዙት በ5 ቡሎን ስለሆነ የፊቱም የሊንከን ማርክ ሰባት መኪና ዲስክ ተገጠመለት፤ ቸርኬዎቹም መለወጥ ነበረባቸው። ይህን ወጪ አስቀድመህ አስላ። ሁሉንም ከነድጋሚ ሥራው ስደምር 5,100 ዶላር ወጥቶብኛል።

አንድ ቅዳሜ ሜሪላንድ በድስ ክሪክ ያለው የድራግ መንገድ ወስጃት ነበር። በዚያው ዓይነት ጎማ የመጀመሪያውን 60 ጫማ በ1.95 ሰከንድ ትሄድ የነበረችው በ1.74 ሄደች፤ ሩብ ማይሉንም ከ12.2 ወደ 11.8 አወረደችው። ሞተሩ አልተነካም። ሰባት ጊዜ ነዳኋት፣ ሰባቱንም ጊዜ ስለ ዘንጉ ሳላስብ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ።

እስካሁን 6,200 ማይል፣ ወደ 10,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። የመጀመሪያውን ዘይት በ500 ማይል ቀየርኩ፤ ማግኔቱ ላይ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ዱቄት ነበር፣ ይህ የሚጠበቅ ነው። ባለፈው ሳምንት እንደገና ከፈትኩት። ክፍተቱ ያው 9 ሺኛ ነው፣ ማግኔቱ ላይ ስስ ዱቄት ብቻ፣ ጎሚኒዎቹ ደረቅ ናቸው። የግራውን ሴሚያስ አራቱን ቡሎን ፈትቼ አወጣሁትና ፀሐይ ላይ ይዤ አየሁት። ነጩ መስመር እንዳሰመርኩት ቀጥ ብሎ ነበር። አዲስ ዘይት ሞልቼ ዘጋሁት፤ ከሰዓት በኋላ ልጄን ከትምህርት ቤት ያመጣሁት በእሷ ነው።