አሮጌዋ ፓናሶኒክ ሳይክል፦ ወራት ነድቻት ያየሁት

ፓናሶኒክ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቤት ውስጥ የነበረው ሬዲዮና ቴፕ ነው። ኩባንያው ግን ሳይክልም ይሠራል፤ ያውም ደህና አድርጎ። መሥራቹ ኮኖሱኬ ማትሱሺታ ልጅ ሳለ ሥራ የተማረው ኦሳካ ከተማ፣ ሳይክል ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ነው። በ1923 ኩባንያውን ካስተዋወቁት ዕቃዎች አንዱም በባትሪ የሚሠራ፣ የጥይት ቅርጽ ያለው የሳይክል መብራት ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የኔዋ በ1984 የተሠራች የብረት ኮርሳ ናት። ባለፈው መስከረም እዚህ ቨርጂኒያ ከአንድ ጡረታ የወጡ ሰውዬ በ150 ዶላር ገዛኋት። ጋራዥ ውስጥ ለዓመታት ተሰቅላ አቧራ ጠጥታ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብርዱም፣ በዝናቡም፣ አሁን ደግሞ በሙቀቱ ነድቻታለሁ። ሥራ የምሄደው በሷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደብሊው ኤንድ ኦዲ የሚባለውን መንገድ ይዤ እወጣለሁ። ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። አሁን አስፋልት ለብሶ ከአርሊንግተን እስከ ፐርስልቪል 45 ማይል ይሄዳል። መኪና የለበትም።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። በዚህ ዋጋ ከዚህች የተሻለ ሳይክል ከሱቅ አዲስ አታገኙም። ይህን የምለው ስለ ፓናሶኒክ ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ ስለተሠሩት ስለ ሚያታ፣ ስለ ፉጂ፣ ስለ ሴንቱሪዮንም ነው። ብዙ ሰው የጣሊያን ስም ሲያይ ዋጋ አይከራከርም። የጣሊያኖቹ ቆንጆዎች ናቸው፤ ያንን ማን ይክዳል። ግን ታዋቂዎቹ ስሞችም በወፍራም ብረት የተሠራ ርካሽ ሞዴል ይሸጡ ነበር። ስለዚህ መነበብ ያለበት ብረቱ ነው።

እኔ መጀመሪያ የማየው የኋላው ጎማ አክሰል የሚገባበትን ቦታ ነው። ድሮፕአውት ይሉታል። በርካሹ ሳይክል ላይ ከላሜራ ተቆርጦ የወጣ ስስ ነገር ነው፤ ማርሽ መቀየሪያውም ለብቻው በብሎን በተያዘ ቁራጭ ላይ ይንጠለጠላል። በደህናው ላይ ግን ተቀጥቅጦ የተሠራ ወፈር ያለ ብረት ነው። መቀየሪያው የሚታሰርበት ጆሮም ከሱ ጋር አንድ አካል ነው። ብዙ ጊዜ የሠሪው ስም ተቀርጾበታል፦ ካምፓኞሎ፣ ሺማኖ ወይም ሰንቱር። ይህን ለማየት ጎንበስ ማለት ብቻ ይበቃል። ቀለም የቱንም ያህል ቢያምር ይህንን አይሸፍንም።

ከዚያ ቱቦው ይመጣል። ከመቀመጫው በታች ያለው ስቲከር ካልተላጠ ይናገራል። እንግሊዞቹ ሬይኖልድስ 531 ይላሉ፤ ከ1935 ጀምሮ የተሠራ፣ ማንጋኒዝና ሞሊብዲነም ያለበት ብረት ነው። ጣሊያኖቹ ኮሎምበስ፣ ጃፓኖቹ ታንጌ ወይም ኢሺዋታ ይላሉ። የጥሩዎቹ ምስጢር ቱቦው ጫፉ ላይ ወፍሮ መሃሉ ላይ መሳሳቱ ነው። ኮሎምበስ ኤስኤልን ብንወስድ ጫፉ 0.9፣ መሃሉ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው። ፍሬሙ በእሳት የሚያያዘው ጫፉ ላይ ስለሆነ ብረቱ እዚያ መወፈር አለበት። መሃሉ ላይ ያን ያህል ብረት መሸከም ግን ትርፍ ክብደት ነው።

ስቲከር ግን ይላጣል፤ ሌላ ሊለጠፍም ይችላል። የመቀመጫው ዘንግ ግን አይዋሽም። እኔ ይሄን ሳውቅ በጣም ነው የተደሰትኩት። የእንግሊዝ፣ የጣሊያንና የጃፓን ሳይክል የመቀመጫ ቱቦ ከውጭ ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ 28.6 ሚሊ ሜትር ነው። የቱቦው ግድግዳ 0.6 ከሆነ ከሁለቱም ወገን 1.2 ይቀነሳል፤ 27.4 ይቀራል። ዘንጉ እንዲገባ ትንሽ ክፍተት ሲተውለት 27.2 ይሆናል። ስለዚህ ዘንጉ ላይ 27.2 የሚል ቁጥር ካያችሁ ቱቦው ስስ ነው፤ ሳይክሏም የዋዛ አይደለችም። 26 ወይም 25.4 የሚል ከሆነ ግድግዳው ወፍራም ነው። የኔዋ 26.8 ናት። ከላይኞቹ ተራ አይደለችም፤ መካከለኛ ናት። እዚያው ቆሜ በልቤ አስልቼ ነው ዋጋ የተነጋገርኩት። የፈረንሳይ ሳይክል ላይ ይህ ስሌት አይሠራም፤ የነሱ ቱቦ 28 ሚሊ ነው፤ የብዙዎቹ የብሎን ጥርስም ከሌላው አይገጥምም። ለጀማሪ አልመክርም።

ዕድሜዋን ያወቅሁት ደግሞ ከፔዳሉ ክንድ ነው። በጀርባው በኩል፣ ቆሻሻውን በጨርቅ ስጠርግ፣ ሁለት ጥቃቅን የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቅ አሉ፦ አይ (I) እና ሲ (C)። የዚያን ዘመን የሺማኖ ዕቃ ላይ የመጀመሪያው ፊደል ዓመቱን፣ ሁለተኛው ወሩን ይነግራል። ኤ (A) ማለት 1976 ነው፤ ወደፊት ስትቆጥሩ አይ ላይ 1984 ትደርሳላችሁ። ሲ ሦስተኛው ወር ነው። መጋቢት 1984 መሆኑ ነው። ዕቃው ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል የኋላውን መቀየሪያም አየሁ፤ እሱም ከሁለት ወር አይርቅም። ስለዚህ ሳይክሏ ከነዕቃዋ እንደወጣች ናት።

ቱቦዎቹ የሚገናኙበት ቦታ ሉግ የሚባል እጅጌ መሳይ ብረት አለው። የኔዋ የፊት ሉግ ጫፉ እየሳሳ ሄዶ ሹል ይሆናል። ጥፍሬን በጠርዙ ላይ ሳስኬድ የትም አይያዝም። ቱቦዎቹን የሚያያይዘው ናስ ቀልጦ ዙሪያውን ሞልቶታል፤ የቀረ ቀዳዳ፣ የተንጠባጠበ ነገር የለም። ፋብሪካ ውስጥ በብዛት የተሠራች ሳይክል ናት፤ ግን አንድ ሰው እዚህች ቦታ ላይ እጁን አልሰሰተም። ለዚህ ነው የድሮ ብረት ሳይክል የምወደው።

ታዲያ እንዲህ ከሆኑ ለምን ርካሽ ሆኑ? አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። በመስከረም 1985 ኒውዮርክ፣ ፕላዛ ሆቴል ላይ አምስት አገሮች ዶላርን ለማርከስ ተስማሙ። ያኔ አንድ ዶላር 240 የን ገደማ ነበር። በ1986 መጨረሻ 160 ገደማ ሆነ። የጃፓን ሳይክል አሜሪካ ውስጥ ዋጋው ናረ፤ ሥራው ወደ ታይዋን ሄደ። ስለዚህ ጥሩዎቹ የጃፓን ሳይክሎች በብዛት አሜሪካ የገቡት ከዚያ በፊት ነው። ብዙ ስለነበሩ ዛሬም ጋራዥ ውስጥ ተርፈዋል፤ ርካሽ የሆኑትም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አነዳዷ። አሥር ኪሎ ተኩል ገደማ ትመዝናለች። ደረጃ ላይ ተሸክሜ ስወጣ አይከብደኝም። ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ቁልቁለት ላይ አትንቀጠቀጥም። ብረት ሁሉ ምቹ ነው የሚሉትን ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበልም። እኔ ምቾቱን ያገኘሁት 28 ሚሊ ጎማ ሳስገባባት ነው። በጠባቡ ጎማ ጊዜ እጄ ይደነዝዝ ነበር። ፍሬሟ ያደረገችው ትልቅ ነገር ለዚያ ጎማ ቦታ መስጠቷ ነው፤ ብዙ ኋላ የመጡ የእሽቅድምድም ሳይክሎች ቦታ የላቸውም።

ማርሹ የሚቀየረው ታችኛው ቱቦ ላይ ባሉ ሁለት ትንንሽ ዘንጎች ነው። ቀጭ የሚል ነገር የለውም። በጆሮ እየሰማችሁ ትስተካከላላችሁ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እጅ ይሳሳታል፤ ከዚያ ይለምዳል። አሁን ሳላስበው ነው የምቀይረው። ትራፊክ ውስጥ አንድ እጅ መልቀቁ ግን አይመችም፤ በዚህ በኩል አዲሶቹ ይበልጣሉ። ዳገት ላይም ከባድ ነበረች። የኋላውን ማርሽ ትልቁ ባለ 28 ጥርስ በሆነ ቀይሬ ተገላገልኩ።

ፍሬኑ ላይ የነበረው ጎማ በዕድሜ ብዛት ደርቆ ነበር፤ አዲስ አስገባሁ፤ ሽቦዎቹንም ቀየርኩ። ቸርኬው አሉሚኒየም ስለሆነ በዝናብም ይይዛል። እባካችሁ የምትገዙት ሳይክል ቸርኬ ላይ ማግኔት ሞክሩ። ከተለጠፈ ብረት ነው፤ ብረት ቸርኬ ሲረጥብ ፍሬን አይይዝም። ይሄ የደኅንነት ጉዳይ ነው። የጎማዎቹን ኩሽኔታ ፈትቼ አጠብኩ፤ አዲስ ግራሶ ሞላሁ። ሁሉም ነገር በተራ ቁልፍ ይፈታል፤ ደስ የሚለኝም ይሄ ነው። በበረዶ ወራት መንገዱ ላይ ጨው ስለሚበተን ቤት ስገባ እጠርጋታለሁ፤ ቱቦዎቿ ውስጥም ዝገት የሚከላከል ዘይት ረጭቻለሁ።

ልትገዙ ከሄዳችሁ ገንዘብ ሳታወጡ ሁለት ነገር አድርጉ። የመቀመጫውን ዘንግ አንቀሳቅሱት። አሉሚኒየም ዘንግ ብረት ቱቦ ውስጥ ለዓመታት ከተቀመጠ ይጣበቃል፤ ማውጣቱ ከሳይክሏ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ከዚያ ከመሪው በስተኋላ ያሉትን ሁለት ቱቦዎች ከሥር በጣታችሁ ዳብሱ። ቀለሙ የተሸበሸበ ከመሰላችሁ፣ ትንሽም እብጠት ካለ፣ ሳይክሏ በፊት ለፊት ተጋጭታለች። ተዉአት። ቁመታችሁ የማይስማማትንም ተዉ፤ ረጅም ፍሬም በመቀመጫ ማውረድ አይስተካከልም።