ለስድስት ኪሎዋ ሲስተር

ስድስት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ክሊኒክ ውስጥ የሚሠሩ አንዲት ሲስተር አሉ። ስላላስፈቀድኳቸው ስማቸውን አልጠራም። «ልጄ፣ ቁርስ በልተሃል?» የሚሉት ናቸው ብል ግን ግቢው ውስጥ የተማረ ያውቃቸዋል።

ፋይናል ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ትኩሳት ያዘኝ። ቀን ቀን ይተወኛል፤ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ያንቀጠቅጠኛል። ጉንፋን ነው ብዬ ከአንድ ፋርማሲ የገዛሁትን ክኒን ሦስት ቀን ዋጥኩ። በአራተኛው ቀን የዶርም ልጆች ደግፈው ክሊኒክ ወሰዱኝ።

ሲስተር መዳፋቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው «ከመቼ ጀምሮ ነው? ምን ምን ወሰድክ?» አሉኝ። የክኒኑን እሽግ ከኪሴ አወጣሁ። ሳይቆጡ ስሙን ካርዴ ላይ ጻፉት። ደሜ ሲመረመር ታይፎይድ ተባለ። ግሉኮስ ሊሰቅሉልኝ ሲሉ ደም ስሬ ጠፋ። ዝም ብለው አልወጉኝም። ጨርቅ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው እጄን ጠቀለሉትና ጠበቁ። ከዚያ በአንዴ አገኙት።

ግሉኮሱ እስኪያልቅ ስለ ግቢው አጫወቱኝ። ቦታው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ነው። አደባባዩ ጋ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታልም ስሙን ያገኘው ከዚያ ቀን ነው፤ ድሮ ቤተ ሳይዳ ይባል ነበር። ቤተ መንግሥቱ ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው በ1954 ዓ.ም. ነው።

ከሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲው ኮሌጅ ሆኖ በ1943 ዓ.ም. ሲጀመር ተማሪዎቹ 33 ብቻ ነበሩ። 33 ልጅ በስም ማወቅ ይቻላል። ዛሬ ተማሪው በሺህ የሚቆጠር ነው፤ አብዛኛው ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ ሲያመው እናቱ አጠገቡ የሌለች። ሲስተር ደግሞ በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ አግኝተውኝ በስሜ ጠሩኝ። «መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ፣ ተሻለኝ ብለህ እንዳትተው» አሉኝ።

ግቢ ውስጥ ያላችሁ፣ ትኩሳት ሲይዛችሁ እንደኔ ዶርም ተኝታችሁ አትጠብቁ። በጠዋት ሂዱ። የወሰዳችሁት ክኒን ካለ እሽጉን ይዛችሁ ሂዱ፣ መጠየቃቸው አይቀርም። ወረፋ ቢኖርም ታገሱ።

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፈተናውን ተፈትኛለሁ፤ ውጤቴ ሲወጣ መጥቼ እነግርዎታለሁ።