ደቡብ ሞሪሺየስ በአንድ ቀን፣ መኪና ከነሹፌሩ

ከባለቤቴ ጋር ከአንድ አስጎብኚ ድርጅት መኪና ከነሹፌሩ ተከራይተን ነው የወጣነው። ሹፌሩ በሰዓቱ መጣ፤ አላጣደፈንም፣ ጥያቄያችንም አልሰለቸውም። ኩርፒፕ ከተማ ያለውን ትሩ ኦ ሰርፍ የተባለ የእሳተ ገሞራ አፍ አየን። ውስጡ ዛፍ በዛፍ ነው፤ 10 ደቂቃ ይበቃዋል።

ሻማሬል የተባለው ቦታ ግን ሌላ ነው! ባለ ሰባት ቀለሙ መሬት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ መበስበስ የመጣ አፈር ነው። ቅላቱ ከብረት ነው፤ ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ የሚያደላው ከአሉሚኒየም። ሣር የሚባል ነገር የለበትም። ዙሪያው በእንጨት ስለታጠረ መርገጥ አይቻልም፤ ደግ አደረጉ። ደመና ሲመጣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ፀሐይ ስትወጣ ቦግ ይላል። ስለዚህ ፎቶ አንስታችሁ አትሩጡ፣ ትንሽ ጠብቁ።

ምሳችን መንገድ ዳር የሚሸጥ ዶል ፑሪ ነበር፦ ክክ የተጠቀጠቀበት ስስ ቂጣ፣ ከባቄላ ወጥና ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር። ለጾመኛም ይሆናል።

በአስጎብኚ ድርጅቱ ግን ቅር ብሎኛል። የመግቢያ ትኬት ለብቻው እንደሚከፈል ቀድሞ ሊነግረን ይገባ ነበር። “ለ ሞርን” የተባለውን ተራራም የመጨረሻ አድርጎ ጊዜ አሳጠረብን። ከባርነት ያመለጡ ሰዎች የተሸሸጉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በዩኔስኮ የተመዘገበ ቦታ እኮ ነው! ለእሱ ብቻ ግማሽ ቀን መድቡ።