«ሁድዊንክድ»፦ አራት ሰዎች ቃላቸውን የሰጡበት ተረት

በተረት ላይ የሚቀልዱ አኒሜሽኖች ብዙዎቹ መንገዳቸው አንድ ነው። የታወቀ ገጸ ባሕርይ ብቅ ይላል፣ ከጠባዩ ውጭ የሆነ ነገር ይናገራል፣ ተመልካቹ ማንነቱን ስላወቀው ይስቃል፣ ከዚያ ሌላው ይተካል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ሁድዊንክድ» ግን አንድ ተረት ብቻ ይመርጥና እንደ ወንጀል መዝገብ ከፍቶ እስከ መጨረሻው ይመረምረዋል። ሥዕሉ ደካማ ነው፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። አጻጻፉ ግን በዘርፉ ካሉት ሥራዎች ሁሉ በላቀ ጥንቃቄ የተገጣጠመ ነው። 80 ደቂቃ ገደማ የሚወስደውን ይህን ፊልም ያላየ ሰው ቢያየው አይቆጭም።

የተመረጠው ተረት ቀይ ካባ የለበሰችው ልጅ፣ የአያቷና የተኩላው ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሻርል ፔሮ በ1697 ባሳተመው ቅጂ ልጅቷም አያቷም ተበልተው ታሪኩ ያልቃል። ጀርመናውያኑ ተረት ሰብሳቢዎች ወንድማማቾቹ ግሪም በ1812 ባወጡት ውስጥ ደግሞ አንድ አዳኝ ደርሶ የተኩላውን ሆድ ይቀድና ሁለቱንም በሕይወት ያወጣቸዋል። ፊልሙ ይህን ሁለተኛውን አካሄድ ይከተላል፤ በአዳኙ ቦታ ያስገባው መጥረቢያ የያዘ እንጨት ቆራጭን ነው። ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልግም። ሌሎች በተረት ላይ የሚቀልዱ ፊልሞች ደርዘን ተረት የሚያውቅ ተመልካች ይፈልጋሉ፤ ይህኛው አንዱን ላወቀ ሰው በሩ ክፍት ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ተረቱ ከሚያልቅበት ቦታ ነው። ልጅቷ ወደ አያቷ ቤት ትገባለች፤ አልጋው ላይ ተኩላው አያቷን መስሎ ተኝቷል፤ አያት ታስረው ከቁም ሣጥን ዘለው ይወጣሉ፤ በዚያው ቅጽበት እንጨት ቆራጩ መጥረቢያውን ይዞ እየጮኸ በመስኮት ሰብሮ ይገባል። ቀጥሎ የምናየው ፖሊስ ቤቱን ከቦ ነው። ኒኪ ፍሊፐርስ የተባለ እርጋታ ያልተለየው እንቁራሪት መርማሪ ይመጣና አራቱንም አንድ በአንድ እያስቀመጠ ቃላቸውን ይቀበላል። በጫካው ውስጥ ደግሞ የጣፋጭ ምግብ ቤቶችን የአሠራር ማስታወሻ እየሰረቀ ሱቆችን ያዘጋ ያልታወቀ ሌባ አለ። ጥያቄው ሌባው ከአራቱ አንዱ ነው ወይስ ሌላ የሚለው ነው። መልሱን እዚህ መጻፍ ፊልሙን ላላየ ሰው በደል ስለሚሆን አልጽፈውም።

አራቱ ቃሎች የፊልሙ ልብ ናቸው። ብዙ ሰው አወቃቀሩን ጃፓናዊው ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ በ1950 ከሠራው «ራሾሞን» ጋር ያነጻጽረዋል፤ ንጽጽሩ ልክ የሚሆነው ግን እስከ ግማሽ መንገድ ነው። በኩሮሳዋ ፊልም ምስክሮቹ እርስ በርስ ይጣረሳሉ፣ እውነቱም ጠርቶ አይወጣም። እዚህ ለመርማሪው ማንም አይዋሽም። እያንዳንዱ ያየውን በትክክል ይናገራል፤ ያየው ግን ቁራጩን ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ቃል የመጀመሪያውን አያፈርሰውም፤ የጎደለውን ምክንያት ይሞላለታል። ሳቁም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሁለት ምሳሌ ብቻ እንውሰድ። ልጅቷ በጫካ ውስጥ ተኩላውን እንዳገኘችው፣ አጠራጣሪ ጥያቄ እየደረደረባት ቆይቶ በድንገት ጮኾ እንደዘለለባት ትናገራለች። ቃሏን ስንሰማ የምንጠረጥረው ነገር የለም፤ ተኩላ ነውና። የተኩላው ተራ ሲደርስ ግን ሥራው የምርመራ ጋዜጠኝነት እንደሆነ እንሰማለን። ጥያቄው ቃለ መጠይቅ ነበር፤ የጮኸውም ጅራቱ ካሜራው ውስጥ ተይዞበት ነው። ንግግሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ካሜራው የቆመበት ወገንና የኛ ግምት ነው። ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጣል። ልጅቷ በጭንቅ ሰዓት የአያቷ ምስል ሰማይ ላይ ታይቶ ምክር እንደሰጣት ትናገራለች፤ ተመልካቹ ይህን በተረት ውስጥ የተለመደ ራእይ አድርጎ ያልፈዋል። በአራተኛው ቃል ግን አያት በፓራሹት እየወረዱ በዚያ በኩል ማለፋቸውን እንሰማለን። አንድን የተለመደ ነገር ሳይነኩ አስቀምጦ፣ ከብዙ ደቂቃ በኋላ ቁሳዊ ምክንያቱን ማቅረብ ከባድ የጽሕፈት ሥራ ነው፤ ጸሐፊዎቹ ኮሪ ኤድዋርድስ፣ ቶድ ኤድዋርድስና ቶኒ ሊች ይህንን ደጋግመው ተወጥተውታል።

ቃሎቹ በስልታቸውም ይለያያሉ። የልጅቷ ዘፈን ያለበት የጉዞ ተረት ነው። የተኩላው ወሬ ፍለጋ ላይ ያለ የደከመው ጋዜጠኛ ትረካ ነው፤ የተኩላው ድምፅ የሆነው ፓትሪክ ዋርበርተን በዝግታ፣ ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ ይናገረዋል። የእንጨት ቆራጩ ያልተሳካለት ተዋናይ ቀልድ ነው፦ ሰውዬው እንጨት ቆራጭ አይደለም፤ ለማስታወቂያ የእንጨት ቆራጭ ገጸ ባሕርይ ለመጫወት የሚለማመድ፣ ሽኒትዘል (የተጠበሰ ሥጋ) በመኪና እየዞረ የሚሸጥ ሰው ነው። የአያት ደግሞ የተግባር ፊልም ነው፦ ስኪ (የበረዶ ላይ መንሸራተት)፣ ድማሚት፣ የበረዶ ናዳ። እሳቸው ከቤተሰብ ተደብቀው አደገኛ ስፖርት የሚወዳደሩ ሴት ናቸው። ከአራቱ ደካማው የእንጨት ቆራጩ ነው፤ ቀልዱ ሰውዬው ላይ ብቻ ያርፋል እንጂ ከሌሎቹ ቃል ጋር የሚተሳሰርበት ክር ጥቂት ነው። በመስኮት የገባበት ምክንያት ሲገለጥ ግን ትዕግሥትን ይክሳል።

አሁን ወደ ሥዕሉ። ፊልሙ የተሠራው ከ8 ሚሊዮን ዶላር በታች በሆነ ገንዘብ፣ ከትላልቆቹ ስቱዲዮዎች ውጭ ሲሆን የአኒሜሽን ሥራው የተከናወነው በፊሊፒንስ ነው። ለማነጻጸር፣ አራት ዓመት ቀድሞ በ2001 የወጣው «ሽሬክ» የተባለ አኒሜሽን 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወስዷል። ልዩነቱ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ ይታያል። የተኩላውን ጸጉር ተመልከቱ፦ በትልቁ በጀት እያንዳንዱ ዘለላ ለብቻው ይሰላል፣ ብርሃን ይቀበላል፣ በነፋስ ይንቀሳቀሳል። እዚህ ግን ጸጉሩ አብዛኛውን ገላው ላይ የተቀባ ይመስላል። ቆዳ ፕላስቲክ ይመስላል፤ ብርሃን ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚያለሰልሰው ነገር ስለሌለው ላዩ ላይ ያንጸባርቃል። እግርና መሬት በሚገናኙበት ቦታ ጥላው ቀጭን ስለሆነ ገጸ ባሕርያቱ አንዳንዴ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ጫካው ውስጥም ከኋላ ያሉት ዛፎች ጠፍጣፋ ሆነው ይታያሉ።

ሠሪዎቹ ይህን አውቀው ነው የገቡበት። እውነታን ለመምሰል ከመሞከር ይልቅ ገጸ ባሕርያቱን በእጅ እየተነኩ የሚቀረጹ አሻንጉሊቶች እንዲመስሉ አድርገው ነድፈዋቸዋል፤ ትልልቅ ጭንቅላት፣ ቀላል ቅርጽ፣ ጥቂት የፊት መስመር። ውሳኔው ትክክል ነው። ሰው ለመምሰል ሞክሮ ያልደረሰ ፊት ያስፈራል፤ አሻንጉሊት ሆኖ የቀረበ ፊት ግን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይለመዳል። አወቃቀሩም በጀቱን አግዞታል፦ አንድ ቤት፣ አንድ ጫካና አንድ ተራራ ከአራት ወገን ደጋግሞ መታየቱ በሌላ ፊልም የድህነት ምልክት ይሆን ነበር፤ እዚህ ታሪኩ ራሱ የሚጠይቀው ነገር ነው። ገንዘብ ያነሰው ሰው ታሪኩን ካለው ነገር ጋር እንዴት እንደሚያስማማ ለማጥናት ለሚፈልግ አኒሜተር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ገቢውም ከ100 ሚሊዮን ዶላር አልፏል።

ይቅር የማይባለው እንቅስቃሴው ነው። ፈጣን ትዕይንቶች ላይ ክብደት የለም፤ ሰው ሲወድቅ መሬቱ አይመልሰውም፣ ሲዘል ከመዝለሉ በፊት ሰውነቱ አይዘጋጅም። ይህ ከገንዘብ ይልቅ የጊዜና የእጅ ጉዳይ ነው፤ በተለይ የአያትን ቃል ይጎዳዋል፤ ከአራቱ ፍጥነት በጣም የሚያስፈልገው እሱ ነውና።

ድምፁ ከሥዕሉ እጅግ ይሻላል። አን ሃታዌይ ልጅቷን የምትጫወተው ጠንቃቃና ትንሽ የሰለቻት አድርጋ ነው፤ ግሌን ክሎዝ አያትን በሁለት ድምፅ ይዛቸዋለች፣ አንዱ ለቤተሰብ፣ አንዱ ለተራራው። ትዊቺ የተባለው ሽኮኮ ከፍጥነቱ የተነሣ ቃሉ አይያዝም፤ ድምፁ የዋናው ዳይሬክተር የኮሪ ኤድዋርድስ ነው። የፊልሙ ምርጥ ሁለት ደቂቃዎች ግን የፍየሉ ናቸው። ጃፌት የተባለ የተራራ ፍየል በተደረገበት ድግምት ምክንያት ያለ ዘፈን መናገር አይችልም፤ ለእያንዳንዱ አጋጣሚ የሚሆን ተቀያያሪ ቀንድ እንዳለው እየዘፈነ ያሳያል። ቀልዱ የሚሠራው ልጅቷ ስለምትቸኩል ነው፤ እሷ አንድ ቀላል መልስ ትፈልጋለች፣ እሱ ሙሉ ዘፈን ካልጨረሰ መልስ የለውም።

ከተቻለ ፊልሙን በመጀመሪያው ድምፅ ከግርጌ ጽሑፍ ጋር ማየት ይመረጣል። በሌላ ቋንቋ በተደረበ ድምፅ የመጀመሪያው የሚጠፋው የፍየሉ ግጥም ነው፤ ቤት መድፊያው ሲበላሽ ቀልዱም አብሮ ይሄዳል። ሽኮኮው ላይ ደግሞ የግርጌ ጽሑፉ ራሱ ይቸገራል፤ አንብቦ ለመጨረስ መሞከር አያስፈልግም፣ አለመያዙ ነው የተፈለገው። በስልክ ስክሪን ማየትም አይመከርም። ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው የሚሸጋገሩት ፍንጮች ብዙ ጊዜ የተቀመጡት በምስሉ ጠርዝና ከጀርባ ነው፤ ስክሪኑ ካነሰ መርማሪው ደምድሞ ሲናገር ከየት እንዳመጣው አይገባም።

ለልጆች የሚሆነው ከስድስት ወይም ከሰባት ዓመት ጀምሮ ይመስለኛል። ምክንያቱ የሚያስፈራ ነገር አይደለም፤ ደም የለም፣ ጸያፍ ቃል የለም፣ ከባዱ ነገር ድማሚትና የናዳው ሩጫ ነው። ችግሩ ጊዜው አራት ጊዜ ወደ ኋላ መመለሱ ነው። ትንንሾቹ ያው ትዕይንት ሲደገም ፊልሙ እንደተበላሸ ወይም አዲስ ቀን እንደሆነ ያስባሉ። ከእነሱ ጋር ለሚያይ ሰው የሚረዳው ዘዴ እያንዳንዱ ቃል ባለቀ ቁጥር ማቆምና አንድ ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ነው፦ «አሁን ያወራው ሰው ያኔ የት ነበር?» መርማሪው በየምስክሩ መካከል ስለሚመለስ ለማቆም የሚመቹ ቦታዎች አሉ። ሁለተኛው ቃል አጋማሽ ላይ ልጆቹ ራሳቸው ቀድመው መናገር ይጀምራሉ።

አራቱ ቃሎች ካለቁ በኋላ ፊልሙ ይወርዳል። ልጅቷ በአያቷ ምስጢር አዝና ብቻዋን የምትሄድበት ክፍል በዘፋኙ ቤን ፎልድስ ዘፈን ተሸፍኖ ያልፋል፤ ስሜቱን የሚሸከም ንግግር ስላልተጻፈለት ሐዘኑ የተለጠፈ ይመስላል። ከዚያ ሌባው ይገለጣል፣ ዕቅዱን ይዘፍናል፣ ድማሚት የተጫነ ኬብል ካር (በገመድ ላይ የሚሄድ መጓጓዣ) ተራራውን ይወርዳል፣ ሁሉም ይሯሯጣል። አስቀያሚ አይደለም፤ ነገር ግን ማንኛውም ፊልም እንዲህ ሊያልቅ ይችል ነበር። አንድ ሰዓት ያህል በምክንያትና ውጤት ሲሠራ የቆየ ታሪክ በድንገት በፍጥነት ብቻ መሥራት ይጀምራል፤ ከላይ የተነሣው የእንቅስቃሴ ድክመትም በይበልጥ የሚጋለጠው እዚህ ነው። የሌባው ማንነት ግን ፍትሐዊ ነው። ማስረጃው ሁሉ ዓይናችን ፊት ነበረ፤ ከጓዳ የመጣ አዲስ ሰው የለም።

በ2011 የወጣው ሁለተኛ ክፍል ምን እንደጠፋ በግልጽ ያሳያል። ገንዘቡ ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር አድጓል፤ ጸጉሩም ብርሃኑም ተሻሽሏል፤ አራቱ ቃሎች ግን የሉም። ታሪኩ ቀጥ ያለ የሰላዮች ጀብዱ ሆነ፤ ቀልዱም ወደዚያ ወደ ተለመደው መንገድ ተመለሰ፦ የታወቀ ገጸ ባሕርይ ብቅ ይላል፣ ያልተጠበቀ ነገር ይናገራል፣ ይሄዳል። የአን ሃታዌይም ድምፅ በሌላ ተተክቷል። በእሱ ጊዜ ከማጥፋት የመጀመሪያውን ደግሞ ማየት ይሻላል፤ ጊዜ ያጠረው ሰው የልጅቷንና የአያቷን ቃል ብቻ ተከታትሎ ቢያይ ሁለቱ በየት በየት እንደሚነካኩ ያገኛል።