«ለችግኝ ሙሉ ጥበቃ» ተብሎ የሚሸጠውን ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት

የአትክልት ችግኝ የምታፈሉ ሁሉ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። «ለችግኝ ሙሉ ጥበቃ» በሚል ስያሜ በኢንተርኔት ማስታወቂያ የሚሸጥ፣ ሦስት ነገሮችን በአንድ ካርቶን የያዘ ጥቅል ገዝቼ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ካፈላኋቸው የሰላጣና የጎመን ችግኞች ከግማሽ የሚበልጡትን አጥቻለሁ። ለጥቅሉ የከፈልኩት ገንዘብ ለዘር፣ ለአፈርና ለማፍያ ሣጥን ካወጣሁት ሁሉ ይበልጣል። ከዚህም በላይ ያሳሰበኝ፣ ከሦስቱ ነገሮች አንዱ ሕፃናትና የቤት እንስሳት ባሉበት ግቢ ፈጽሞ መግባት የሌለበት መሆኑ ነው።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው አንድ ጥቅል የመዳብ ቴፕ፣ መሬት ላይ የሚተከል በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የድምፅ መሣሪያ፣ እንዲሁም በከረጢት የታሰረ ሰማያዊ ፍሬ መሰል መድኃኒት ነው። ማስታወቂያው ቀንድ አውጣ፣ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ፣ ትል፣ ጉንዳንና አይጥ ከዚያ በኋላ ወደ መደቡ ድርሽ እንደማይሉ ይናገራል። አምስት ዓይነት ተባይን በአንድ ጊዜ አባርራለሁ የሚል ዕቃ ገና ከመነሻው ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር፤ ሆኖም ሁለት ሌሊት በተከታታይ ችግኝ ያለቀበት ሰው ቶሎ ያምናል፤ ሻጮቹም ይህን ስለሚያውቁ ማስታወቂያውን ዘር በሚፈላበት ሰሞን ያበዙታል።

ቴፑን በየማፍያ ሣጥኑ ዙሪያ በጥንቃቄ ለጠፍኩ፤ ክፍተት እንዳይኖርም ጫፍና ጫፉን አነባበርኩ። በሦስተኛው ሌሊት የእጅ ባትሪ ይዤ ስወጣ የትንሽ ጣቴን ግማሽ የምታህል ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣ በሣጥኑ ጎን ሽቅብ ስትሳብ አገኘኋት። ቴፑ ላይ ስትደርስ ቀንዶቿን ለአፍታ ሰብሰብ አደረገች፤ ከዚያም ወፈር ያለ ልጋግ እያነጠፈች ተሻገረች፤ ሰላጣው ዘንድ ለመድረስ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። በማግሥቱ ቴፑን በምስማር ጫፍ ስፍቀው ቀዩ ቀለም ተልጦ ከሥሩ ነጭ ብረት ወጣ። እውነተኛ መዳብ ቢፋቅ ላዩም ውስጡም ያው ቀይ ነው። ስለዚህ እኔ የገዛሁት መዳብ የተቀባ እንኳ ሳይሆን መዳብ የሚመስል ቀለም የተቀባ ቴፕ ነበር።

ቢሆንም መዳቡ እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ችግኞቼ ይድኑ ነበር ብዬ አላሳስታችሁም። በብሪታንያ የሚገኘው ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ የተባለው የአትክልተኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ሙከራ የመዳብ ቴፕን፣ ጠጠርን፣ የጥድ ቅርፊትን፣ የሱፍ ፍርፋሪንና የእንቁላል ቅርፊትን በሰላጣ ተክሎች ዙሪያ አድርጎ ምንም መከላከያ ካልተደረገላቸው ጋር ሲያነጻጽር፣ በቀንድ አውጣ የደረሰባቸው ጉዳት ለውጥ አላሳየም። ለእነዚህ ነገሮች ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ቢያንስ ይህን አውቆ ቢገዛ መልካም ነው።

ስለ ድምፅ መሣሪያው ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ቀንድ አውጣ ጆሮ የለውም፤ ዓለሙን የሚያውቀው በማሽተት፣ በመዳሰስና ብርሃንን ከጨለማ በመለየት ነው፤ ስለዚህ የሰው ጆሮ የማይሰማው ከፍተኛ ድምፅ ለእርሱም ምንም አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 እንዲህ ያሉ ተባይ አባራሪ የአልትራሶኒክ መሣሪያዎችን ለሚያመርቱና ለሚሸጡ ከ60 በላይ ድርጅቶች፣ የሚናገሩትን ውጤት በሳይንሳዊ ማስረጃ ማረጋገጥ እንዳለባቸው የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ልኳል። ዕቃው ግን መልኩን እየቀያየረ እስከ ዛሬ ይሸጣል።

ዋናው ጉዳይ ሰማያዊው ፍሬ ነው። የመጣው ምንም ጽሑፍ በሌለበት፣ ምግብ ለመቋጠር በሚያገለግል ዓይነት ግልጽ የላስቲክ ከረጢት ነው። የንጥረ ነገሩ ስም፣ የመርዙ መጠን በመቶኛ፣ የምዝገባ ቁጥር፣ የተመረተበት ቀንም ሆነ የአደጋ ምልክት አልነበረበትም። ሻጩን በጽሑፍ ስጠይቀው «ተፈጥሯዊ ስለሆነ መጻፍ አያስፈልግም» ሲል መለሰልኝ። ይህን መልስ የሚሰጥ ሻጭ ካጋጠማችሁ ንግግሩን እዚያው አቋርጡት። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት ያወጡት የፀረ ተባይ አያያዝ የሥነ ምግባር ደንብ፣ ፀረ ተባይን ወደ ምግብ ወይም መጠጥ መያዣ ገልብጦ ማሸግ እንዲከለከል የሚጠይቀው፣ ልጅ ወይም እንስሳ ከረሜላ መስሎት የሚያነሳው እንዲህ ያለውን ዕቃ ስለሆነ ነው።

ለቀንድ አውጣ የሚሸጡት ፍሬዎች በአብዛኛው ከሁለት ንጥረ ነገሮች በአንዱ የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ሜታልዲሃይድ፣ ሌላው አይረን ፎስፌት ይባላል። ሁለቱም በሰማያዊ ቀለም ስለሚመጡ በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። ሜታልዲሃይድ ለውሻና ለድመት ብርቱ መርዝ ነው፤ ፍሬው ከእህል ዱቄት ጋር ስለሚጋገር ውሻ ይወደዋል፤ ከበላም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳትና ማንዘፍዘፍ ይከተላል፤ መርዙን በቀጥታ የሚያረክስ መድኃኒትም የለውም። በወፎችና በሌሎች የዱር እንስሳት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት በታላቋ ብሪታንያ ከቤት ውጭ መጠቀሙ ከመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ተከልክሏል። አይረን ፎስፌት በአንጻሩ ቀንድ አውጣው መብላት እንዲያቆም አድርጎ በቀናት ውስጥ የሚገድለው ሲሆን፣ በመመሪያው መሠረት በስሱ ከተበተነ ለቤት እንስሳት ያለው አደጋ እጅግ ያነሰ ነው።

እኔ የበተንኩት የትኛው እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። ፍሬውን በበተንኩ ማግሥት ጠዋት ግን ቀንድ አውጣዎቹ በአፈሩ ላይ በገዛ ልጋጋቸው ተዘፍቀው ተዘርረው አገኘኋቸው፤ ይህ ደግሞ የሜታልዲሃይድ ምልክት ነው፤ በአይረን ፎስፌት የተመረዘ ቀንድ አውጣ አብዛኛውን ጊዜ ወደተደበቀበት ገብቶ ስለሚሞት ሬሳው ከላይ አይታይም። ያንኑ ጠዋት ቡችላችን አፍንጫዋን መደቡ ውስጥ ቀብራ ስታሸት ደረስኩባት። አፏን ከፍቼ በጣቴ ፈተሽኩ፤ ምላሷ ላይ ከአፈር በቀር ምንም አላገኘሁም። ሆኖም ያን ቀን ሙሉ ከአጠገቧ ሳልለይ ስጠብቃት ዋልኩ፤ ከዚያም ፍሬዎቹን በጓንት አንድ በአንድ ለቀምኳቸው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ ያስገረመኝን ልንገራችሁ። ቀንድ አውጣዎቹ ከሞቱ በኋላም ችግኞቹ ማለቃቸውን አላቆሙም። የጎመን ችግኞቹ በአፈሩ ልክ ተቆርጠው፣ ቅጠላቸው ሳይበላ፣ ወድቀው ያድሩ ነበር፤ በአካባቢያቸውም የሚያብረቀርቅ የልጋግ መስመር አይታይም ነበር። ከወደቀው ችግኝ ሥር አፈሩን በማንኪያ ገለጥ ሳደርግ ግራጫ፣ ወፍራም ትል ወጣ፤ ስነካው እንደ ቀለበት ተጠቀለለ። ቆራጭ ትል የሚባለው ይህ ነው፤ የእሳት እራት እጭ ሲሆን ቀን አፈር ውስጥ ተደብቆ ይውላል፣ ሌሊት ወጥቶ ግንዱን ይቆርጣል። በጥቅሉ ውስጥ ለእርሱ የሚሆን አንዳች ነገር አልነበረም። መድኃኒቱ ደግሞ ከቤት የማይታጣ ነው፤ የመጸዳጃ ወረቀት የሚጠቀለልበትን ካርቶን ቆርጣችሁ በእያንዳንዱ ችግኝ ዙሪያ እንደ አንገትጌ አድርጉለት፤ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ወደ አፈር ይግባ፣ የቀረው ከላይ ይቁም። ከዚያ በፊት ግን አፈሩን ገልጣችሁ ትሉን ልቀሙ፤ አለበለዚያ ከችግኙ ጋር አብራችሁ ታጥሩታላችሁ።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሌሊት የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ውጡና ማን እየበላባችሁ እንደሆነ በዓይናችሁ እዩ። ቅጠሉ በጎደሎ ተግጦ ልጋግ ካለበት ቀንድ አውጣ ነው፤ ግንዱ በአፈር ልክ ከተቆረጠ ቆራጭ ትል ነው፤ ቅጠሉ በመርፌ የተወጋጋ የሚመስል ደቃቅ ቀዳዳ ከሞላው ደግሞ እንደ ቁንጫ የምትፈናጠር ጥቃቅን ጥንዚዛ ነች፤ ለእርሷ የሚበጀው ችግኙ እንደተተከለ የሚለበስ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ነው።

ለቀንድ አውጣ ገንዘብ ማውጣት የግድ ከሆነ፣ የንጥረ ነገሩ ስም አይረን ፎስፌት ተብሎ በግልጽ የተጻፈበትንና እሽጉ ያልተከፈተውን ግዙ። ሁለተኛው አማራጭ ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ አፈር ላይ የሚፈስ፣ ፋስማራብዲቲስ ሄርማፍሮዲታ የሚባል በዓይን የማይታይ ትል ነው፤ ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣን ከውስጡ ገብቶ ይገድለዋል። ይህ ግን ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ በማቀዝቀዣ መቀመጥ አለበት፣ የሚቆየውም ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ሻጩ ከሞቀ መደርደሪያ አንስቶ ከሰጣችሁ ወይም የማብቂያ ቀኑ ካለፈ የምትገዙት የሞተ ነገር ነው። አፈሩም እርጥብና ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መሆን ይኖርበታል።

ያለ ገንዘብ የሚሠራውም ጥቂት አይደለም። ውኃ ማታ ሳይሆን ማለዳ ማጠጣት አፈሩ ለሌሊቱ ጠፈፍ እንዲል ያደርጋል። እርጥብ ጣውላ መደቡ አጠገብ አጋድማችሁ ጠዋት ስትገለብጡት ቀንድ አውጣዎቹ ከሥሩ ተጠግተው ታገኟቸዋላችሁ። ችግኙንም ገና በሁለት ቅጠሉ ወደ መደብ ከማዛወር ጠንከር እስኪል መታገሥ ይሻላል። ጨው ግን አትበትኑ፤ አፈሩን ያበላሻል፣ ችግኙንም ያደርቃል።

ሻጩ ገንዘቤን አልመለሰልኝም፤ ቴፑ አንዴ ስለተለጠፈ ዕቃውን አልቀበልም ብሏል። እንዲህ ያለ ዕቃ ካዘዛችሁ ካርቶኑን ስትከፍቱ ፎቶ አንሱ፣ ማስታወቂያውንም ከመጥፋቱ በፊት አስቀሩት፤ አቤቱታ ስታቀርቡ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ጥቅሉን ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ሰማያዊውን ፍሬ ወደ ፍሳሽ፣ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ወይም ወደ ተራ ቆሻሻ አትጣሉት። በጓንት ለቅማችሁ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ክተቱት፤ «መርዝ» ብላችሁ ጻፉበትና አደገኛ ቆሻሻ ለሚረከብ አካል እስክታስረክቡ ድረስ ቆልፉበት። ልጅ ከዋጠው ወደ ሐኪም፣ ውሻ ወይም ድመት ከበላው ወደ እንስሳት ሐኪም፣ ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ ውሰዱ፤ ከረጢቱንም ከነተረፈው ፍሬ ይዛችሁ ሂዱ።